የወይራ ቅጠል ከለስላሳ ቆርቆሮ

ቅጠል መሥራት ለሰሚው ቀላል ይመስላል። «ወፉን መቅረጽ የቻለ ሰው ቅጠሉ ምን ያቅተዋል?» ያሉን ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወፍን በቅርብ አይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ ከክንፉ አንዲት ላባ ብትጎድል ልብ የሚል አይኖርም። ቅጠልን ግን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ቀጥፈን፣ አሽተን፣ አሽትተን ያደግን ነንና ሐሰተኛውን ለመለየት ሊቅ መሆን አያሻንም።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የተፈጥሮ ክበብ አለ። የክበቡ ልጆች የአገራችንን አእዋፍ ከዋንዛ እንጨት ቀርጸው ከነመኖሪያቸው ለማሳየት ተነሡ። ከነመኖሪያቸው የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ወፍ መጫወቻ ትመስላለች፤ ቅርንጫፍ ላይ ስትሆን ግን የት እንደምትኖር፣ በምን እንደምትሸሸግ ለተመልካቹ ትናገራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠችው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ነበረች። ይህች ወፍ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ሲሆን፣ ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይለያል። በአዲስ አበባ ግቢዎችም ዛፍ ላይ ስትንጫጫ የሰማት ሰው ብዙ ነው። መቀመጫዋ የወይራ ቅርንጫፍ እንዲሆን ተወሰነ።

ከልጆቹ ሁሉ መሮ አያያዙ የሚያስደንቀው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የወፏን ጭንቅላት ገና አውጥቶ ሳይጨርስ አባቱ ሐጂ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ።

«ኡስታዝ፣ ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው። ነፍስ ያለው ነገር እንዲቀርጽ አላክሁትም» አሉን።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ነገሩን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጠሩት። እኛ ግን በመድረሳም በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ያለፍን በመሆናችን የሐጂን ቃል ቀለል አድርገን ልናልፈው አልቻልንም። ነፍስ ያለውን ነገር ቅርጽ ስለ መሥራት የመጣው ማስጠንቀቂያ ከባድ ነው። ለልጆች መጫወቻና ለመሰል ጉዳዮች ዑለማዎች የሰጡት ሰፋ ያለ አስተያየት መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ አንድ አባት በቤቱ ጠንከር ያለውን መንገድ ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባውም። በሌላ በኩል ደግሞ የልጁን እጅ አይተናል። እንዲህ ያለ እጅ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ማየት ለአስተማሪ ቀላል አይደለም።

በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ እንደምናውቀው፣ ምስል በመሥራት የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መጥቶ ስለ ሥራው ጠይቆ ነበር። ኢብኑ ዐባስም ማስጠንቀቂያውን ካሰሙት በኋላ እንዲሁ አልሸኙትም፤ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ አመላከቱት። የሰውየው እንጀራ እንዳይቋረጥ፣ እጁም እንዳይቦዝን ማለት ነው። ይህንኑ ለሐጂ አነሣንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ለቅጠሉ ከልካይ አይደለሁም» አሉ። ወፏን ሌሎች ጓደኞቹ ሊጨርሷት፣ ቅርንጫፉና ቅጠሉ የእሱ ሊሆን ተስማማን።

ልጁ ግን አኮረፈ። ዋናው ሥራ ተነጥቆ ትርፉ የተሰጠው መሰለው። ለአንድ ሳምንት ያህል በክበቡ ሰዓት አልታየም።

በዚህ ጊዜ ነው የሰዎችን ታሪክ መፈለግ የጀመርነው። አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ እና ባለቤቱ ዴሊያ ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም አጋዘኖችን በአራቱ ወቅቶች የሚያሳይ ትርኢት ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ የተጠናቀቀው ይህ ሥራ 17 ሺህ ያህል ከሰም የተሠሩ ቅጠሎች አስፈልገውታል። አራት ወቅት በመሆኑ የጸደዩ ለጋ ቅጠል ለብቻው፣ የበልግ መርገፊያው ቀይና ቢጫ ቅጠልም ለብቻው መሠራት ነበረበት። ሌሎቹ ደግሞ ጀርመን አገር ይኖሩ የነበሩት ብላሽካ የተባሉ አባትና ልጅ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1886 እስከ 1936 ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋትን ከመስታወት ሲሠሩ ኖረዋል። አባት በ1895 ሲያርፍ ልጅ ብቻውን ቀጠለ። ሥራው የተፈለገው ለማስተማሪያ ነው፤ ተጭኖ የደረቀ አበባ ጠፍጥፎና ቀለሙን ለቆ ለተማሪ ምንም አያሳይምና። ለትምህርት መሣሪያ ሃምሳ ዓመት የጠበቀ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ እኛን አስተማሪዎችን ትንሽ ያስቀናል።

ከሁሉም በላይ የልጁን ዓይን ያበራው ግን የደማስቆ ታላቁ መስጊድ ሥዕል ነው። ኸሊፋው አል ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ በስምንተኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ባሠሩት በዚህ መስጊድ ግድግዳ ላይ ከትንንሽ ጠጠር መሰል መስታወት የተሠሩ ዛፎች፣ ወንዞችና ሕንፃዎች ይታያሉ። ሰውም እንስሳም የለበትም። የዛፎቹ ቅጠል ግን አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። ልጁ ፎቶግራፉን ረጅም ጊዜ አየው። በማግሥቱ መጣ።

ሥራው እንዲህ ነው። እውነተኛውን ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ለምን አይበቃም የሚል ሰው ይኖራል። ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል፤ ከዚያም ይጨማደድና በነካነው ቁጥር ይፈረፈራል። ልጡም ሲደርቅ ይላጣል። ውስጡ ነቀዝ ካለበት ደግሞ ወደ ወፏ እንጨት መሻገሩ አይቀርም። ከእንጨት ቅጠል የሚቀርጹ ባለሙያዎችም አሉ። ይሁን እንጂ እንጨት ሲሳሳ በጭረቱ በኩል ስለሚሰነጠቅ ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። ፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ስስ የመዳብ ወይም የነሐስ ቆርቆሮ ይጠቀማሉ። መዳብ እሳት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ከሽቦ ጋርም በቀላሉ ይበየዳል። ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ አይሆንም።

ልጆቹ ያገኙት መላ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ነው። ላይና ታቹ ተቆርጦ ይጣልና ጎኑ ተዘርግቶ ይስተካከላል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች መቁረጡን ትልቅ ሰው ቢሠራላቸው ይሻላል። ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይፈተጋል፤ ያለዚያ ቀለም አይዘውም። ከዚያም እውነተኛ የወይራ ቅጠል ላዩ ላይ አኑሮ ዙሪያውን መንደፍና በመቀስ መቁረጥ ነው። የተቆረጠውን በአሮጌ ነጠላ ጫማ ላስቲክ ላይ አስቀምጦ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መካከለኛውን ጅማት ጫን እያሉ መሳብ ይገባል። ላስቲኩ ስለሚሰምጥ ቅጠሉ ራሱ ጎድጎድ ይላል። ወይራ የጎን ጅማቶቹ እምብዛም አይታዩም፤ ስለዚህ ለጀማሪ ይመቻል። ዋንዛን ለመሥራት የሚፈልግ ግን ትዕግሥት ይኑረው፤ ያ ሰፊ ቅጠል ጅማቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ነው። እንዲህ ያለው ቆርቆሮ በተራ ካውያ አይበየድም፤ ስለዚህ ቀጭኑ ሽቦ ከጅማቱ ሥር በማጣበቂያ ይያዛል።

ለቅርንጫፉ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ ከሚናለሽ ተራ ተገዛ። ብዙውን ሽቦ አንድ ላይ ገምዶ ከሥር መጀመር፣ ቅርንጫፍ በሚወጣበት ቦታ ጥቂቱን ከግምዱ እየለዩ ማውጣት ነው። እንዲህ ሲሆን ግንዱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በራሱ እየቀጠነ ይሄዳል። ላዩ በተነፋ ሰጋቱራና በኮላ ሊጥ ይለበጣል፤ ሊጡ ጠንከር ማለት ሲጀምር ልጡን በመርፌ መጫር ይቻላል። ወይራ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ የሚቀጥሉት ጥንዶች ደግሞ የታችኞቹን ያቋርጣሉ። ይህ ከተሳተ የቀረው ሥራ ሁሉ ቢያምርም ዛፉ ወይራ አይሆንም።

ልጁ በመጀመሪያ አርባ ቅጠል ሠርቶ አመጣ። አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ጥራቱ ያስደንቃል። ቅርንጫፉ ላይ ሲሰካ ግን የሱቅ ፕላስቲክ አበባ መሰለ። ከግቢው አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሰጠነውና፣ «እንከን የሌለበት ቅጠል ስንት እንደሆነ ቁጠር» አልነው። ከሃያ ስድስቱ አራት ብቻ አገኘ። አንዱን ነፍሳት በልተውታል፤ የሌላው ጫፍ ተቀጥፏል፤ ያኛው ወደ ጎን ተጣሟል። ከአርባዎቹ ብዙዎቹን መልሶ አበላሻቸው፤ በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ትልቁ ችሎታ የታየው በዚህ ማበላሸት ነው።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ እንዳለ ከተቀባ ዓይን ይወጋል። ቢጫ፣ ከዚያም የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ስትገባበት ረጋ ይላል። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ታቹ ግን ፈዛዛ ሆኖ ወደ ቡናማ ቢጫ ያደላል። ቀለሙ ሳሳ ተደርጎ ሦስትና አራት ጊዜ ይደራረባል። አንድ ጊዜ ወፍራም ከተቀባ ጅማቱ ይደፈናል።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ሐጂም መጡ። ወፏን አለፍ ብለው ወደ ቅርንጫፉ ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ልጁ ከኛ ኋላ ቆሞ ነበር።

«ኡስታዝ» አሉን፣ «ይሄ የላይኛው ቅጠል ለምን ቢጫ ሆነ? ወይራ እኮ መጀመሪያ የሚያረጀው የታችኛው ነው። ጫፉ ለጋ ነው መሆን ያለበት።»

ልጁ ወደ ፊት ወጣና ቅጠሏን አያት። ከዚያ ከኪሱ ፒንሳ አውጥቶ ሽቦዋን መንቀል ጀመረ።