ስለ አሻንጉሊት ክንድና ስለ አባት ችኮላ

በቤት ውስጥ የሚደርስ ትንሽ ነገር ለሰው ትልቅ ትምህርት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እኔም በልጄ አሻንጉሊት ምክንያት ያገኘሁትን ትምህርት፣ ልጆች ላሏቸው ኹሉ ይጠቅም እንደ ኾነ ብዬ፣ ጥፋቴን ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

ልጄ ዐሥር ዓመቱ ነው። ክንዳቸውና እግራቸው የሚታጠፍ፣ ወታደርና ጀግና የሚመስሉ አሻንጉሊቶችን ይሰበስባል። እነዚህም ለሕፃናት ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጭምር በመደርደሪያ አሰልፈው በክብር ያስቀምጧቸዋል። በልደቱ ቀን አጎቱ ከውጭ አገር አንዱን ላከለት። ሳጥኑን ከፍተን ባየነው ጊዜ ግን የፋብሪካ ስሕተት ተገኘበት፤ ይኸውም ከክርን በታች ያለው የቀኙ ክንድ በግራው፣ የግራውም በቀኙ ተተክሎ፣ መዳፎቹ ወደ ውጭ የሚመለከቱ ኾነው ነበር።

እኔም «ይህ ምን ያስቸግራል» ብዬ በእጄ ይዤ ጠመዘዝሁት። የቀኙ ክንድ ችንካር ወዲያው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በዚያን ሰዓት ከአፌ የወጣው ቃል «ፋብሪካው ደካማ ነው» የሚል ነበር። ልጄ ምንም አልመለሰልኝም፤ ስባሪውን ከመዳፌ አንሥቶ በመሐረብ ጠቀለለው። ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ስሕተቱ የፋብሪካው ቢኾንም ስብራቱ የእኔ መኾኑን ኹለታችንም ዐውቀን ነበርና።

ማታ ጠርቼው «ልጄ፣ የሰበርሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያው የቀረውን ቀስ ብለን እንሥራው፣ አባባ» አለኝ።

በማግሥቱ ሥራውን በሥርዐት ጀመርን። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ በቀዝቃዛነቱ ጊዜ ደረቅ ነው፤ በፋብሪካም የተቀባው ቀለም ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ስለዚህ ውሃ አፍልተን ከእሳት ካወረድን በኋላ ያልተሰበረውን ክንድ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነከርነው። ሲለሰልስም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት በጥቂት እያነቃነቅን፣ ሳንጠመዝዝ ቀጥ አድርገን ብንስበው ያለ ችግር ወጣ። በተሰበረው በኩል ደግሞ በቀዳዳው የቀረውን ስባሪ በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ አወጣን፤ በችንካሩ ፈንታም ቀጭን የናስ ሽቦ ተከልን። ከዚያም ክንዶቹን በየስፍራቸው መልሰን፣ ፕላስቲኩ እንዲጠነክር በቀዝቃዛ ውሃ አቆየናቸው። ይህ ኹሉ ከአንድ ሰዓት አልበለጠም፤ እኔ ግን ይህን አንድ ሰዓት ለመቈጠብ ብዬ ነበር የልጄን ደስታ የሰበርሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሥራው ሲያልቅ በክርኑ ክፍተት በኩል የናሱ ሽቦ ጥቂት ብልጭ ይል ነበርና «በቀለም ልሸፍነው» አልሁ። ልጄ ግን አንድ ታሪክ ነገረኝ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሐስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂ.አይ. ጆ የሚባለውን ወታደር አሻንጉሊት ባወጣ ጊዜ፣ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ጥፍር በስሕተት በውስጥ በኩል ተቀርጾ ነበር። ኩባንያውም አስመስሎ የሚሠራ ሰው ቢነሣ በዚህ ይታወቃል ብሎ ስሕተቱን ሳያርም ተወው። ልጄ ይህን ነግሮኝ «የኛም በሽቦው ይታወቅ» አለኝ። እኔም ቀለሙን መልሼ ከደንሁት።

አሻንጉሊቱ ዛሬ በመደርደሪያው መካከል ቆሟል። እኔም ልጄ አንድ ነገር አጥፍቶ ቍጣ ሲመጣብኝ ያችን ሽቦ አያለሁ፤ መጠምዘዝ ከመጀመሬ በፊት ማለስለስ እንደሚገባኝም ትዝ ይለኛል።