እነሱ ይቅደሙ

አባዬ የሚቀበረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፣ ልደታ ማርያም። እህቴ ደግሞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከዱባይ ቦሌ ትገባለች። ትደርሳለች ብዬ አስልቼ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ድንኳኑን የሐምሌ ዝናብ እየደበደበው፣ እሷ ያለችበት አውሮፕላን ስልኬ ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ይዞራል። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ከዚያ ከኋላ የመጣ ሌላ አውሮፕላን አልፎት ወረደ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ወረፋ ሲባል የማውቀው ፊፎ ነው፤ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። "ተበላን" አልኩ በሆዴ።

ነገሩን ያነበብኩት ከሰልስት በኋላ ነው። ለካ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ቀድሞ የመጣውን ብቻ አያይም። ከባድ አውሮፕላን ከክንፉ ጫፍ አዙሪት ነፋስ ትቶ ያልፋል። ስለዚህ ተከታዩ እንደ ክብደቱ ይርቃል፤ በተለመደው ዓለም አቀፍ ደንብ ከባድ ከሆነ 4፣ መካከለኛ ከሆነ 5 የባሕር ማይል። ማን ከማን ኋላ እንደሚገባ በመቀያየር ብቻ ብዙ ደቂቃ ይተርፋል። ቦሌ ሁለት መንደርደሪያ ቢኖረውም በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ እንደ ሁለት ነጻ ወረፋ አይሠሩም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኖች መሬት የሚነኩት ፈጠን ብለው ነው። ነጎድጓድ ሲጨመርበት ደግሞ ተራው እንደ አዲስ ይሰላል።

አባዬ ይሄን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ያደገው የድሮው የልደታ አየር ማረፊያ አጥር ሥር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ቦሌ ገና አልነበረም። ጄት እስኪመጣ ድረስ የከተማዋ የሰማይ በር ሰፈራችን ነበር።

የእድሩ ዳኛ አጠገቤ ተቀምጠው ስልኬን አዩ።

"እሷ ናት የምትዞረው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

ምንም ሳይሉ ተነስተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ደወሉ። ከእኛ በኋላ ሌላ ቀብር ነበር።

"ከተስማሙ እነሱ ይቅደሙ" ሲሉ ሰማኋቸው። "እኛ ልጅ እየጠበቅን ነው።"

እህቴ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደረሰች። ሻንጣዋን እንኳን አልጠበቀችም። የሳጥኑን ጫፍ ይዛ ስታለቅስ፣ ቀድመውን የቀበሩት ሰዎች በር ላይ ቆመው ጃንጥላ ያዙልን።