ትንሽ ሠርግ ኩብለላ አይደለም

«ምን አጥፍታችሁ ነው?»

እኔና እጮኛዬ የሠርጋችንን ዕቅድ ለዘመድ ወዳጅ ስንነግር በብዛት የገጠመን ጥያቄ ይህ ነው። ዕቅዱ ግን ይህን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ከመርሳ በጠዋት ተነስተን ወደ ደሴ አቅጣጫ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጓዛለን። ሐይቅ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና እናፈላለን። ወላጆቻችን ይመርቁናል። በጀልባ ትንሽ ዞር ዞር እንላለን፤ ፎቶ እንነሳለን፤ ምሳ በልተን ሳይመሽ እንመለሳለን። ሰው ቢበዛ 15 ነው። ድንኳን የለም። በሬ አይጣልም። የመኪና አጀብ የለም። የመጥሪያ ካርድ አይታተምም።

ይህን የሰማ ሁሉ ከሦስት አንዱን ይጠረጥራል፦ ወይ አርግዛለች፣ ወይ ቤተሰብ ከልክሏል፣ ወይ ልጁ ገንዘብ የለውም። ሦስተኛው እውነት አለው፤ በየጽሑፉ የሚከፈለው ጋዜጠኛ ኪሱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሁለቱ ግን ውሸት ናቸው።

ዘመዶቻችን ክፉዎች አይደሉም። በእኛ አገር ጥቂት ሰው ይዞ መጋባትና ተደብቆ መጋባት የሚጠሩበት ስም ስላልተለየ ነው የተጠራጠሩን። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

«ኮበለለ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ልጅ ወላጁን ሳያስፈቅድ ከቤት ሲጠፋ ኮበለለ ይባላል። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ቤተሰብ ሲከለክላቸው ተያይዘው ሲጠፉም ኮበለሉ ይባላል። በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተዋልዶ በኖረበት፣ በአንድ ድግስ ለሁለቱም ለየብቻ በሚታረድበት አገር፣ ፍቅር አንዳንዴ ሽማግሌ ደፍሮ የማያንኳኳውን በር ያንኳኳል። ያኔ ልጆቹ ይጠፋሉ። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ርቆ ያለ ዘመድ ቤት ወር ሁለት ወር ይቀመጡና ሽማግሌ ይላካል። አባት ይቆጣል፤ እናት ታለቅሳለች፤ በመጨረሻ እርቅ ይወርዳል። የኮበለለ ሰው እንኳ ዞሮ ዞሮ ሽማግሌ ደጅ ነው የሚመጣው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኩብለላን ከጠለፋ ጋር የሚያምታታ ካለ ግን ይታረም። ኩብለላ የሁለት ሰው ፈቃድ ነው። ጠለፋ ወንጀል ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀዳዳውን ደፈነ፤ በአንቀጽ 587 ሴትን ለማግባት ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ፅኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ተጋብተናል ማለትም አያድነውም።

በሌላው ዓለም ቃሉ ሌላ ጉዞ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1754 እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ የጋብቻ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይጋቡ ሲያግድ፣ ጥንዶች ሕጉ ወደማይደርስበት ስኮትላንድ መሸሽ ጀመሩ። ከድንበሩ ተሻግሮ ያለች ግሬትና ግሪን የምትባል መንደር በዚህ ስሟ ወጣ። ዛሬም እዚያች መንደር ሄዶ የሚጋባ ሰው ሞልቷል፤ የሚሸሸው አባት ግን የለም። ፈረንጆቹ ጋ ኩብለላ ማለት አሁን ሁለት ሰው ጥቂት ወዳጅ ይዞ ባሕር ዳር ያለ ፓርክ ውስጥ፣ የሚያስፈልገውን የፓርክ ፈቃድ አውጥቶ፣ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ መጋባት ሆኗል። ነውሩ ወልቆ ውበቱ ቀርቷል። እኛ ጋ ነውሩ እንዳለ ነው።

እና ለምን ይህን ያህል ሰው ለመጥራት እንገደዳለን? መልሱን ያገኘሁት እናቴ ደብተር ውስጥ ነው። እናቴ ባለፉት 30 ዓመታት በየሠርጉና በየለቅሶው ለማን ምን እንደወሰደች ትጽፋለች። እገሊት ቤት አንድ መሶብ እንጀራ። እገሌ ቤት አንድ እንስራ ጠላ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በፖስታ የተሰጠ ብር። «ሠርግና ሞት አንድ ነው» የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ሰው ሰውን የሚቆጥርባቸው ቀኖች ናቸው። ለእናቴ «15 ሰው ብቻ» ማለት 30 ዓመት የጣለችውን እቁብ ዕጣው ሲደርሳት አትብይው ማለት ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ስታኮርፍ ድግስ ወዳድ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ። ያኮረፈችው አበዳሪ ስለሆነች ነው።

ሌላው ወገን ግን ሒሳቡ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም፣ ሥጋውም፣ የልብስ ኪራዩም ወዴት እንደሄደ አይታችኋል። አንድ ሰንጋ ዛሬ ከአንድ አስተማሪ የብዙ ወር ደመወዝ ይበልጣል። ወልዲያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ ቆይተው ስንት ቤት ባዶውን ቀረ። ሳያገግም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ። ይህን ሁሉ ያለፈ ቤተሰብ ለአንድ ቀን ድግስ ከብቱን ሸጦ ሲበደር ማየት ያማል። ሠርጉ አልፎ ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲከፍሉ የማውቃቸው ሙሽሮች አሉ። የጫጉላው ጊዜ ያለቀው በአበዳሪ ስልክ ነው።

ያልተበደረው ደግሞ ይሰደዳል። እዚህ ላይ ስለ ባሕር ላንሳ። ሰሞኑን በየመድረኩ የቀይ ባሕር ነገር ይወራል። የእኛ አካባቢ ልጆች ግን ባሕርን በሌላ መንገድ ያውቁታል። የሀብሩ ልጅ «ባሕር» ሲል ኦቦክን ማለቱ ነው። ከአፋር በረሃ ወዲያ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ፣ ወደ የመን የሚሻገሩበት ቦታ። በሐምሌ 2017 መጨረሻ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ አብያን በተባለው የየመን ግዛት አቅራቢያ ሰጥማ ከ60 የሚበልጡ መሞታቸው የተነገረው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበር።

ሰው የሚሰደደው ለሠርግ ብቻ ነው አልልም፤ መሬት የለም፣ ሥራ የለም፣ ሰላም የለም። ነገር ግን ወንዶቹን ለምን ትሄዳላችሁ ብዬ ስጠይቅ «ሠርቼ መጥቼ ላገባ» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሴቶቹም ሳዑዲ ሰው ቤት ሠርተው የሚልኩት ብር ለወንድም ሠርግ የዋለበትን ቤት አውቃለሁ። ለአንድ ቀን ድንኳን የሁለት ዓመት ጉልበት። ለማግባት ብሎ የኮበለለው ልጅ በልጅቷ በር ሳይሆን በኦቦክ በኩል ከወጣ፣ የትኛው ኩብለላ ነው ይበልጥ የሚያስነውረው?

ይህን ሁሉ ይዤ የእጮኛዬን አባት ላሳምን ሄድኩ። ውርጌሳ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ፣

«ልጄ፣ ድግሱ ይቅር» አሉኝ። «እኔስ በሬዬን አርጄ በሰኔ በምን ላርስ ነው? ግን ሰው ይወቅ። ነገ ብትጣሉ ማንን ይዤ ልሸመግላችሁ? ልጄን የሰጠሁህ በማን ፊት ነው ልበል?»

እኔ ስለ ወጪ ስከራከር እሳቸው ስለ ዋስ ነው ያነሱት። ልክ ናቸው። በድሮው የሰማንያ ጋብቻ ዋሶች ነበሩ፤ ባል ቢበድል፣ ሚስት ብትገፋ የሚጠየቁ ሰዎች። ያ ሁሉ ሰው ዳስ ውስጥ የሚቀመጠው ወጥ ለመብላት ብቻ አልነበረም። «አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» ለማለት ጭምር ነበር። ከዘመን ብዛት ወጡ በዝቶ ዋሱን ሸፈነው እንጂ።

ሕጉም የሚለው የእሳቸውን ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በፌዴራሉ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡ ሰዎች ራሳቸው መቅረብ አለባቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ያስፈልጋል፤ ጋብቻው የሚፈጸመው በይፋ ነው፤ ለሹሙም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለባቸው፤ መቃወሚያ ያለው እንዲመጣ ይነገራል። ከ2008 ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ስለተጀመረ በየትኛውም ሥርዓት የተጋባ ሰው ጋብቻውን ማስመዝገብ አለበት። ነገ ውርስ ሲመጣ፣ ንብረት ሲከፈል፣ በተለይ ሴቷ እጇ ላይ የሚገኘው ያ ወረቀት ነው።

ልብ በሉ፤ ሕጉ በሬ አይጠይቅም። ድንኳን አይጠይቅም። ኬክ አይጠይቅም። ሰው ግን ይጠይቃል። ሕጉም፣ አባትዬውም፣ ከወር በኋላ እርቅ ለመጠየቅ የሚመለሱት ኮብላዮችም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ጋብቻ ያለ ድግስ ይቆማል። ያለ ምስክር ግን አይቆምም።

ስለዚህ ዕቅዳችንን እንዲህ አደረግነው። ሦስት ሽማግሌዎች በወጉ ተልከው እሺታ አግኝተዋል። በዕለቱ በጠዋት አባቷ ቤት እንሄዳለን፤ የአካባቢው ሰው ለቡናና ለዳቦ ይጠራል፤ በሰው ፊት «ሰጠሁ» ይላሉ፤ ይመርቁናል። ምዝገባው በሕጉ መሠረት ይፈጸማል። ከዚያ 15 ሰው ይዘን ወደ ሐይቅ። እናቴ ደግሞ ከደብተሯ የሚያስታርቃት መንገድ ራሷ አገኘች፤ በሚቀጥለው እሑድ ጎረቤቷን ሁሉ ቡና ትጠራለች፤ ማምጣት የፈለገ ያምጣ፣ ያልቻለ ይመርቅ። ለድንኳንና ለሰንጋ ይበደሩት የነበረው ብር ሳይበደሩት ቀረ። ከዚህ የሚበልጥ ጥሎሽ አላውቅም።

ለምን ሐይቅ? ባሕር ስለሌለን ብቻ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተስፋፋ፣ ብዙ ሊቃውንት የወጡበት የትምህርት ቦታ ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሙሽራዬ አትገባበትም፤ እኛም ከማዶ ሆነን እናየዋለን። ውኃው ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በተራራ ተከብቦ የተቀመጠ ነው። በመንገዱም ውጫሌን እናልፋለን፤ በ1881 የተፈረመው ውል ቦታ። አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ትርጉም ይዞ ስንት ደም እንዳፈሰሰ ለሚያስታውስ ሙሽራ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ቃል ከመግባትህ በፊት ሁለታችሁም አንድ ነገር መረዳታችሁን አረጋግጥ።

ሎጎ ሐይቅ በገበታ ለትውልድ ፕሮጀክት ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ነው። መልካም። ሎጅ ግን መንገድ ካልተከፈተ ለማን ነው? ከመርሳ ሐይቅ 60 ኪሎ ሜትር፣ በሰላሙ ቀን ቁርስና ምሳ መካከል የሚደረስ ነው። ዛሬ ግን አያት የልጅ ልጇን ሠርግ ለማየት ከመሳፈሯ በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላ ትደውላለች። እኛም ቀኑን ቆርጠናል፤ የጻፍነው ግን በእርሳስ ነው። የትኛውም ወገን ይሁን መንገድ የያዘ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ የተዘጋው መንገድ የጠላቱ ብቻ አይደለም። የሙሽራም ነው፣ የምጥም ነው፣ የለቅሶም ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ትንሽ ሠርግ ሲሉ «ምን አጥፍታችሁ ነው» አትበሉ። «ማን ይመሰክራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላቸው መርቁና ልቀቁ። ወጣቶችም፣ ድግሱን ስትቀንሱ ሽማግሌውን አብራችሁ አትቀንሱ፤ ፎቶ አንሺው በክፉ ቀን አይሸመግላችሁም። የእድር ዳኞች፣ ቄሶች፣ ሼኾች፣ እናንተ የምትናገሩትን ሰው ይሰማል። «በዳቦና በቡና የተዳረ ልጅ የተከበረ ነው» ብላችሁ በአንድ እሑድ፣ በአንድ ጁምዓ ብትናገሩ ስንት በሬ ከቢላ፣ ስንት ልጅ ከጀልባ እንደምታተርፉ አስቡት።

ቸር እንሰንብት።