የእማየ ፋቲሓ



የዚህ እትም አዘጋጆች «ከቤተሰባችሁ ለዲኑ ቅርብ ስለሆነ አንድ ሰው ጻፉልን» ሲሉን ብዙ አላሰብንም። በዚህ ግቢ የምንማር ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነን፤ የሦስታችንም ሐሳብ እማየ ላይ አረፈ። የእናታችን እናት ናት። «አንቱ» ስንላት «ምነው፣ ባዳ ሆንሁ?» ብላ ትቆጣ ስለነበር እዚህም እንደለመድነው «እሷ» እያልን እንጽፋለን፤ ድፍረት አይሁንብን። መጻፉን ያከበደብን ሌላ ነገር ነው። ደግ ደጉን ብቻ ጽፈን ብንተወው ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል፤ እኛ የበደልናት አንድ ነገር አለና።

ጉንደ ወይን ያለችው ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው። ወዲያ ዓባይ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ወሎ። እማየ የተወለደችበትን ዓመት አታውቀውም ነበር። «ጣልያን ሲወጣ የወተት ጥርሴ እየተነቀለ ነበር» ትለን ስለነበር፣ ጣልያን የወጣው በ1933 ነውና፣ በ1926 ገደማ ብለን ያዝንላት። አባቷ ሸማኔ፣ ባሏ ሸማኔ፣ ወንድሞቿ ሸማኔና ነጋዴ። ይህ ምርጫ አልነበረም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በእኛ አገር ሙስሊሙ ከርስት የራቀ ነበር፤ እጁ የያዘው መወርወሪያና ሚዛን ነው። አያታችን መሬት ተመርቶ የመጀመሪያውን ጤፍ ሲያጭድ እማየ እንዳለቀሰች እናታችን ነግራናለች። እሷ ግን ስለዚያ ስትጠየቅ «ጤፉስ ደኅና ነበር፤ አረሙ ነው የገደለን» ብቻ ነበር መልሷ።

የእሷ ሥራ ፈትል ነበር። ጥጡን በመዳመጫ ታዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ እንዝርቷን ታሾራለች። እንዝርቱ በዞረ ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልጆች ሳለን የምትቆጥረው ክሩን ይመስለን ነበር። ዚክር ነበር። ተስቢሕ መቁጠሪያ ከመካ ሲመጣላት አመስግና ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ «እጀን ሥራ ያስፈታኛል» ብላ። ባሏ ሞቶ አምስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች እንዝርት ነው። ለራሷም ፈተለች፦ ከፈኗን። ድሩንም ማጉንም በእጇ ፈትላ፣ ለወንድሟ ልጅ ሰጥታ አሸምናው፣ ለሴት የሚሆነውን አምስቱን ቆርጣ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዒድ ሰሞን፣ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ጎረቤት ሲያይ ይደነግጣል። እኛ ለምደነው ያንን ነጭ ልብስ ከሌላው እጥበት ለይተን እንኳ አናየውም ነበር።

ፊደል አልቆጠረችም። ፋቲሓንና ጥቂት አጫጭር ሱራዎችን ያስቀራት አባቷ ነው፤ አባቷን ያስቀሩት ደግሞ ከወሎ ዓባይን ተሻግረው የመጡ ሸኽ ናቸው። ያችን ይዛ ሰማንያ ዓመት ሰገደችባት። ቤታችን ውስጥ ሰዓት አያስፈልግም ነበር። ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ የውዱእ ጣሳዋ ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ ቀጥሎ አጎዛዋን ታነጥፋለች፤ ቀጥሎ ድምጿ። ከፍ ያለ አይደለም፣ ግን ቤቱን ይሞላዋል። ሱብሒ ላይ ስሙን እየጠራች የምትቀሰቅሰን እሷ ናት፤ ከዚያ በፊት ግን እንቅልፋችን ውስጥ የምትቀራው ፋቲሓ አለ። ከልጅነታችን ምን ትዝ ይላችኋል ብትሉን መጀመሪያ እሱን ነው የምንለው።

እዚህ ግቢ የገባነው በ2012 መጀመሪያ ነው፤ ሁለታችን ፍሬሽ ሆነን፣ ታላቃችን ሁለተኛ ዓመት። ታኅሣሥ ላይ ሞጣ ውስጥ መስጂዶች ሲቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆች ሲዘረፉ የሰማነው ዶርም ሆነን ነው። ሞጣ ለእኛ የዜና ስም አይደለም፤ ዘመድ የምንጠይቅበት፣ እማየ ጥጥ የምትገዛበት ከተማ ነው። ሌሊቱን ስልክ ስንደውል አደርን። በመጨረሻ እማየ ራሷ ተናገረች፦ «እኔ ደኅና ነኝ፤ ጎረቤቴ መጥታ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ አትጩኹ ትነቃለች።» ጎረቤቷ እንደሷው ባልቴት፣ ክርስቲያን ናት። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ማንም ሳይጠራት መጥታ «ዛሬ እዚህ ነው የማድረው» ብላ ነው የተኛችው። ሁለቱ አርባ ዓመት ቡና ተጠራርተዋል። ድግስ ሲኖር አንዷ ለሌላዋ በጉን በቁሙ ትልካለች፣ በራሷ ሰው እንድታሳርድ፤ በሑዳዴ እማየ ቤት በዘይት የተሠራ ወጥ አይጠፋም። በኋላ ለተቃጠሉት መስጂዶች ከየአገሩ ገንዘብ ሲዋጣ እማየ መቀነቷን ፈትታ የሰጠችውን ብር መጠን እስካሁን አናውቅም። ጎረቤቷም መስጠቷን ግን እናውቃለን፤ በእማየ እጅ ነበርና የላከችው።

እኛስ? እኛ ተቆጣን። ቁጣው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ሐለቃ አንድም ቀን አላመለጠንም፤ ተጅዊድ ጀመርን፣ መኽረጅ አጠናን፣ ዲናችንን ያኔ ገና ያወቅነው መሰለን። የካቲት ላይ ለሴሚስተር እረፍት ጉንደ ወይን ስንገባ ቋቅ እስኪል ጠግበን ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የእማየ ድምጽ ቀሰቀሰን። ከዚያ በፊት ስንት ሺህ ጊዜ ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ሰማን፦ ስህተት።

«ነዕቡዱ» የሚለው ላይ ዐይኗ የለም፤ «ናቡዱ» ነው የምትለው። ሐዋ ሀ ናት። መጨረሻ ላይ ያለችው ዷድማ ሌላ ፊደል ሆናለች። (ነገሩ ይገርማል፤ ፊደል ገበታችን ላይ ዐ እና ሐ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ አፋችን ግን ከአ እና ከሀ ጋር ካደባለቃቸው ቆይቷል። ስንጽፋቸው እንኳ የትኛው የት እንደሚገባ እንጣላለን።) በማግስቱ ቡና ላይ፣ እናታችን ባለችበት፣ ጎረቤቷ ባለችበት፣ አረምናት። ሦስታችንም። አንዱ ሲያቆም ሌላው እየቀጠለ። ፋቲሓ የሶላት ሩክን መሆኑን፣ ፊደል ሲቀየር ትርጉም እንደሚቀየር አስረዳናት። ያልነው ነገር ከመጽሐፍ የተገኘ ነው፤ ውሸት አልነበረም። እማየ ፈንዲሻውን ወደ እኛ ገፋ አደረገችና «አላህ እውቀታችሁን ይጨምርላችሁ፣ ልጆቸ» አለች። እኛም ዳዕዋ አደረግን ብለን ተደስተን ወደ ግቢ ተመለስን።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ተላክን። በዚያ ዓመት ረመዳን ሚያዝያ 16 ሲገባ መስጂዶች ተዘግተው ስለነበር ተራዊሕ የሰገድነው ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ እኛ ወንዶቹ በየተራ እያሰገድን፣ እማየና እናታችን ከእህታችን ጋር ከኋላ። ታዲያ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ሌሊት ቤቱ ጭጭ ይላል። ጣሳው ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። «አርጅታለች፤ ውዱእ አድርጋ ተመልሳ ትተኛለች» ተባባልን። ከእሷ ጋር አንድ መደብ ላይ የምትተኛው እህታችን ናት አንድ ሌሊት ዓይኗን ገልጣ ያየችው። እማየ ቆማለች። እንደ ድሮዋ፣ ያንኑ ያህል ረጅም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምጽ ግን የለም።

ጠዋት ስትጠይቃት እማየ መጀመሪያ ልታልፈው ፈለገች። ኋላ «የናንተ ደኅና ነው፤ የኔው የተበላሸ ነው። ለእናንተ እንዳይጋባባችሁ ብየ ነው» አለቻት።

ያን ቀን ሦስታችን ጓሮ ወጥተን ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ቁርኣን ሲቀራ ምላሱ የሚታሰርበት፣ እየተቸገረ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው እዚሁ ግቢ፣ ሐለቃችን ላይ፣ ተምረን ነበር። ከእኛ አንዱ ራሱ ለፍሬሾች አስረድቶታል። ቡናው ላይ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት ሸኽ ሄደን፣ ከበራቸው ራቅ ብለን ቆመን፣ የሆነውን ነገርናቸው። ፍርዱን እንዲነግሩን ነበር የጠበቅነው። እሳቸው ግን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለሱብሒ የሚቀሰቅሳችሁ ማን ነው?»

«እማየ ናት።»

«እንግዲያማ» አሉና በራቸውን መለስ አደረጉት።

ይቅርታ ስንጠይቃት እማየ ሳቀች። ይቅር ማለቱን ቀላል አደረገችልን፤ ግን «በሉ እንግዲህ፣ ካወቃችሁ አስተካክሉልኝ» ብላ ያልጠበቅነውን አመጣች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው! ከዐስር በኋላ፣ ፊጥራ እስኪደርስ፣ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ እኛ በየተራ አንዷን ቃል እንላለን፤ እሷ ትከተላለች። ዐይን ከጉሮሮ መሐል ነው የምትወጣው ስንላት ሞከረች፣ ሳላት፣ እንደገና ሞከረች። «እንደ በግ አስጮኻችሁኝ እኮ!» እያለች ትስቃለች፤ ጎረቤቷ በአጥር በኩል «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ስትጠራት «ተማሪ ቤት ገብቻለሁ!» ትላታለች። ዐይን በሁለተኛው ሳምንት መጣች። ሐ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን ትቀራለች። ዷድ እስከ መጨረሻው እምቢ አለች። እውነቱን ለመናገር የእኛም ዷድ ያን ያህል አትመካም፤ እሷን ስናስተምር ነው ያወቅነው። የረመዳን መጨረሻ ላይ ድምጿ ሌሊት ተመለሰ፤ በፊት ከነበረው ግን ቀስ ያለ ነበር፣ በየቃሉ እየቆመ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው። እንደ ድሮው ቤቱን የሞላበትን ሌሊት ዳግም አልሰማንም።

እማየ ያረፈችው በ2014፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አላህ ይዘንላት፣ ቀብሯን ያስፋላት። ፈተና ላይ ነበርን። ለጀናዛዋ አልደረስንም፤ ማለዳ አርፋ ከዙሁር በኋላ ተቀብራለች። ስንደርስ ሳጥኗ ተከፍቶ ነበር፣ ባዶውን። በፈተለችው ተከፍና ሄዳለች። አጎዛዋ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ጎረቤቷ ከእናታችን አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ ሦስተኛ ቀኗ ነው ወደ ቤቷ ሳትሄድ።

ማታ ሰው ሲሄድ እናታችንን ስለ መጨረሻው ሌሊት ጠየቅናት። አቅቷት ተኝታ እንደሰገደች፣ ድምጿን አውጥታ እንደቀራች ነገረችን። እኛም፣ ምን እንደነካን እንጃ፣ «ነዕቡዱ ላይ እንዴት አለች?» አልናት። ማወቅ ፈልገን ነው፦ አባቷ ያስቀሯትን ነው ወይስ እኛ ያስቀራናትን?

እናታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችን።

«እኔ እንጃ ልጆቸ። እኔ የሰማሁት ድምጿን ነው።»