እጅ የማታስነካው ድንክ ባዝራ

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን ገጠር፣ ከሰው ጭካኔ የተረፉ የጋማ ከብቶች የሚጠለሉበትን በረት በጎበኘን ጊዜ ዓይናችን ያረፈው በአንዲት ድንክ ባዝራ ላይ ነበር። ቁመቷ ከወገባችን አይበልጥም፤ ነገር ግን ሰው ሲቀርባት ትሸሻለች።

ዘርዋ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች ነው። ብርድና ነፋስ ያጸናው ይህ ዘር ቁመቱ ከ107 ሳንቲ ሜትር፣ ድንኩ ወገን ደግሞ ከ86 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1842 የወጣው ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከከሰል ጉድጓድ ካስወጣ በኋላ፣ ብዙዎቹ ጋሪ ሊጎትቱ ወደዚያ ጨለማ ወርደዋል።

ባዝራይቱን ለልጆቻቸው የሚሹ ብዙዎች መጥተው ነበር፤ እጅ እንደማታስነካ ሲያዩ ተመለሱ። ነገሩ ትዕቢት አይደለም፤ የሰው እጅ ለእርሷ ዱላ ነውና። ሆኖም ካልተያዘች ሰኮናዋን መከርከም አይቻልም፤ ለምለም ሣር ሲበዛባትም እግሯ ይታመማል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ስለሆነ ብቻዋን ማኖርም ግፍ ነው።

በመጨረሻ የተቀበሏት አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ናቸው። ጠባብ መስክና አንዲት ያረጀች አህያ አሏቸው። «እኛ አንነካትም፤ አጠገቧ እንቀመጣለን» አሉን። ሽማግሌው በየማታው ባልዲ ገልብጠው፣ ፊታቸውን ወደ አህያዪቱ አዙረው ይቀመጣሉ።

ስንሰናበት ባዝራይቱ ገና አልተዳሰሰችም፤ ነገር ግን ከኋላቸው መጥታ እጅጌያቸውን አሸተተች። እርሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ከረጅም ግዳጅ ተመልሶ ሕፃን ልጁ የሸሸው አባት ይህን ትዕግሥት ሳያውቀው አይቀርም።