አንበሳሜ፦ የገና ዱላና የአንድ ተጫዋች ምርቃት

ልጆችዎ ገናን የሚያውቁት በመብራት ባጌጠ ዛፍ ብቻ ከሆነ፣ ዘንድሮ ወደ ደቡብ ጎንደር ይዘዋቸው ይሂዱ። ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ተጉዘው ሐሙሲት ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወደ ደራ ወረዳዋ ከተማ ወደ አንበሳሜ ይታጠፋሉ። ከመነሳትዎ በፊት ግን ለአካባቢው ሰው ደውለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ደራ ወርቅማ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። አዝመራው የተነሳለት ማሳ ደግሞ ለገና ጨዋታ የተመቸ ሜዳ ይሆናል።

ለጨዋታው የሚያስፈልገው ጫፉ የቆለመመ ዱላና ጥንግ ነው፤ ጥንጉን ሩር የሚሉትም አሉ። ዱላው ከሱቅ አይገዛም። በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ተፈልጎ ይቆረጣል፣ ይላጣል። ተጫዋቾቹ ሁለት ወገን ሆነው ጥንጉን ወደ ተጋጣሚያቸው ድንበር ይለጋሉ። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም። ልጆችዎን ግን ራቅ አድርገው ያቁሟቸው፤ የተለጋ ጥንግ ቀልድ አያውቅም።

ትንሽ ቆመው ሲመለከቱ፣ ከግርግሩ ርቆ ረጅም ምት የሚጠብቅ ጎረምሳ አያጡም። እሱን እያሳዩ ለልጆችዎ የሮቤርቶ ክሌሜንቴን ታሪክ ያጫውቷቸው። የእሱም ሥራ ከኋላ ቆሞ መጠበቅ ነበርና።

ሮቤርቶ በ1934 እ.ኤ.አ. በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ካሮሊና በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ካቦ ነበሩ፤ እሱ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አሜሪካኖች ኳስን በዱላ የሚመቱበትን ቤዝቦል የተባለ ጨዋታ ወደደ። በ1955 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ መጫወት ጀመረና እስከ ዕለተ ሞቱ 18 የውድድር ዘመን ከዚያ ቡድን አልወጣም። ቦታው የሜዳው የኋላ ቀኝ ጥግ ነበር። ከዚያ ሆኖ ሩቅ የተመታ ኳስ ይቀልባል፣ በዚያ ጠንካራ ክንዱም ወደ መሀል ይወረውራል። በቦታው ለበረታ ተጫዋች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት 12 ጊዜ ተሸለመ፤ በመምታት ችሎታም 4 ጊዜ የሊጉ አንደኛ ሆነ።

ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፍሎሪዳ ለልምምድ ሲወርዱ ነጮቹ ምግብ ቤት ገብተው ሲበሉ፣ ጥቁሮቹ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። ጋዜጠኞች እንግሊዝኛውን ከነስብራቱ እየጻፉ አላገጡበት፤ ስሙንም «ቦብ» ብለው አሳጠሩት። እሱ ግን «ሮቤርቶ ነኝ» እንዳለ ጸና።

በ1971 ቡድኑ የአሜሪካን ዋንጫ ሲያነሳ የውድድሩ ኮከብ እሱ ሆነ። ቴሌቪዥን ፊት ሲያቆሙት በእንግሊዝኛ ከመናገሩ በፊት በእናቱ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ፣ ለልጆቹ ምርቃቱን ሰጠ፤ ወላጆቹም እንዲመርቁት ጠየቀ። የአሜሪካ ሕዝብ ፊት ቆሞ ያሰበው አባትና እናቱን ነበር። ይህን እኛ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብንም።

በመስከረም 1972 እ.ኤ.አ. 3,000ኛውን የተሳካ ምት መታ፤ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻውም እሱ ሆነ። በታኅሣሥ የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ሮቤርቶ እርዳታ አሰባስቦ ላከ፤ ለተጎዱት እየደረሰ አለመሆኑን ሲሰማ ራሱ ሊያደርስ ተነሳ። በፈረንጆች የዓመት መጨረሻ ምሽት፣ ከመጠን በላይ የተጫነው አውሮፕላን ባሕር ላይ ወደቀ። አስከሬኑ አልተገኘም። 38 ዓመቱ ነበር።

ብዙዎቻችን ልጃችን ኳስ ይዞ ሲወጣ «ጥናትህስ?» እንላለን። ይገባል። ግን ሮቤርቶን ያስከበረው ክንዱ ብቻ አይደለም፤ ስሙንና ወላጆቹን አለመርሳቱ፣ ለማያውቀው ሰው መድረሱም ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከጨዋታው ጋር አብሮ ይኖራል።

በማግስቱ ወደ ሐሙሲት ተመልሰው በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ይውጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ያሳዩዋቸው። ከአንበሳሜ ሳይነሱ ግን፣ ልጅዎ የገና ዱላ ካማረው ቆርጠው እንዲሰጡት ከመንደሩ አንድ አባት ይለምኑለት። ዱላውን ሲቀበል ጎንበስ ይበል፤ ምርቃቱ አብሮ ይመጣል።