ተጠባባቂ የተባለው የእህቴ ልጅ

ካርቱም፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም

የእህቴ ልጅ ሀገር ቤት ካመለከተበት የግል አዳሪ ትምህርት ቤት መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ፈተናውን አልፏል፤ ቦታ ስለሞላ ግን ተጠባባቂ ነው። ስንተኛ ተጠባባቂ? አልተጻፈም። እስከ መቼ? እሱም የለም። እህቴ ዴይም ሰፈር ባለችው ሱቋ ተቀምጣ ያችን አጭር ደብዳቤ ደጋግማ ስታነብ ዋለች። እኔም ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ዘግይታችኋል ተባልን። እውነት ነው፣ ማመልከቻው የገባው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ካርቱም የኖረ ሰው ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። ልጁ የተማረው በሱዳን ትምህርት ቤት ስለሆነ የሚኒስትሪ ውጤት የለውም። የዐረብኛው ካርድ ይተረጎማል፣ የዚህ ሀገር ትምህርት ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ማኅተም፣ ከዚያ የኤምባሲያችን ማኅተም፣ ቀጥሎ ሀገር ቤት የአቻ ግምት። እዚህ ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ይዘጋል፣ እዚያ ቅዳሜና እሑድ፤ ስልክ ተደዋውሎ ጉዳይ የሚጨረሰው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።

ይበልጥ ያመመኝ ከደብዳቤው በኋላ የሆነው ነው። አጎታችን ሊያነጋግሩልን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዱ። ጥበቃው ከበር ላይ «በኢሜይል ይጠይቁ» ብሎ መለሳቸው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከበር ይመለሳሉ? አባቴ እኔን ሊያስመዘግቡ የሄዱ ጊዜ ዳይሬክተሩ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፤ የሚያውቁትን ሰው እያነሡ ሲጫወቱ ቆዩ። ምዝገባው ተዘግቶ ነበር፤ እኔ ግን መስከረም ላይ ክፍል ገባሁ።

ካርቱም ላይ ይህ ወግ ዛሬም አለ። ጎረቤታችን ሐጃ የልጅ ልጃቸውን ይዘው አንድ የግል ትምህርት ቤት የሄዱት ምዝገባው ካበቃ በኋላ ነበር። ሙዲሩ (ዳይሬክተሩ) ሻይ አስመጣላቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ቤተሰቡ ጠየቃቸው፣ «ኢንሻአላህ፣ ቡክራ (ነገ)» ብሎ ሸኛቸው። ቡክራ ሌላ ቡክራ እየወለደ ቢያመላልሳቸውም፣ በስተመጨረሻ ከክፍሉ ኋላ አንድ ዴስክ ተጨመረ። የሀገሬን ወግ በሰው ሀገር፣ የባዕድ ወግ ደግሞ በሀገሬ አገኘሁ ብዬ ለሐጃና ለባለቤታቸው አማረርኩ።

ባለቤታቸው ሐንቱብ የተማሩ ናቸው። ሐንቱብ ከወድ መደኒ ማዶ፣ በእኛው ዓባይ ዳር የነበረ፣ የሱዳን ፖለቲከኞቹ ኒሜሪና ቱራቢ የወጡበት የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ የእኛው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት። ዊንጌት ስሙ የወጣለት መኮንን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በ1933 ዓ.ም ወደ ሀገራችን የገባው ከዚህ ከካርቱም ተነሥቶ መሆኑን ስነግራቸው ሽማግሌው ደስ አላቸው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ ከሙዲር ጋር ሻይ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ፈተና ባይሆን ኖሮ ዛሬም ግመል እጠብቅ ነበር።»

ይህ ንግግር ቁጣዬን ከግማሽ በላይ ወሰደው። አባቴ ወንበር ሲሳብላቸው፣ ውጭ በፀሐይ ቆመው የነበሩ ሌሎች ወላጆችም ነበሩ። የእነሱ ልጆች የት እንደገቡ አላውቅም። የኢሜይሉ ትምህርት ቤት ዘመድ የሌለውን ልጅ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ለአጎቴ ሲባል በሩ ይከፈት ማለት ይከብደኛል። ቢሆንም ሽማግሌ ከበር መመለስ ነውር ነው፤ ይህን አልተውም።

ልጁን ሥራ ፈት አላስቀመጥነውም። እዚሁ በኮሚኒቲያችን ትምህርት ቤት አስመዝግበነዋል፤ አማርኛውም ይጠነክርለታል። ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቦታ ከተገኘ ወዲያው እንደሚመጣ ጽፈን፣ አዲሱን ውጤቱን አያይዘን ልከናል። ልጁ ራሱ ከሁላችንም በላይ ተረጋግቷል፤ የሚያስጨንቀው የእናቱ ማልቀስ ነው። እናንተ ካርቱም ያላችሁ ወላጆች፣ ለከርሞ ካሰባችሁ ካርዱን ከታኅሣሥ ጀምራችሁ አስተርጉሙ፣ ማኅተሙንም አስመቱ።

የሀገር ቤት ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ ዘመድ አዝማድ አትስሙ፤ ይሁን። ነገር ግን ተጠባባቂ ያላችሁትን ልጅ ስንተኛ እንደሆነና እስከ የትኛው ቀን እንደሚጠብቅ ጻፉለት።